ድምፁ የጠፋው ዲፈረንሻል

ከዲፈረንሻሉ ቀዳዳ የሚንጠባጠበው ትርፍ ዘይት እስኪቆም፣ መኪናው ስር በጀርባዬ ተኝቼ እየጠበቅኩ ነበር። ዘይቱ ልኩ ላይ ሲደርስ መንጠባጠቡን በራሱ ያቆማል። ወንድሜ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ የጫማዬን ጫፍ በጣቱ ይነካካል።

"አለቀ?"

"እየተንጠባጠበ ነው።"

"እሱ እስኪጨርስ እኔ ሸበትኩ።"

የሰፈሩ ሰው ቸኩሌ ያለው በከንቱ አይደለም። እናታችንን ከጠየቋት የተወለደውም ቀኑ ሳይደርስ ነው።

"ማለስለሻውን ምን ያህል ጨመርሽበት?"

"ጥቂት።"

"ለእማዬ ይበቃታል?"

"ይሻላታል። አንተንም አይጎዳህም። ከዚህ ካለፈ ግን ያንተ ነገር አበቃ።"

ለቤታችን ያለን መኪና ይኸው አንድ ነው። በሥራ ቀን እናታችንን ሐኪም ቤት ያመላልሳል፣ እሁድ ወንድሜ ይወዳደርበታል፤ እኔ ደግሞ ጋራዥ ስለምሠራ ሆዱን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት። ስለዚህ ተራ ዲፈረንሻል ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በየራሳቸው ፍጥነት ይለቃቸዋል። ጣጣው ሌላ ነው። በፍጥነት ሲታጠፉ ውስጠኛው ጎማ ከመሬት ቀለል ይላል፤ ያኔ ነዳጅ ሲረገጥ ጉልበቱ ሁሉ በቀለለው በኩል ያመልጣል። እሱ ባዶውን ሲሽከረከር፣ መሬት የያዘው ጓደኛው የሚገፋበት ኃይል ያጣል።

የእኛ ዲፈረንሻል ይህን መንሸራተት የሚገድብ ነው። ውስጡ እንደ ፍሬን ሸራ ያሉ ሸራዎችና ስስ ብረቶች ተደራርበዋል። ነዳጅ ሲረገጥ እርስ በርስ ተጨናንቀው ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ ያስሯቸዋል፤ መኪናው ከመታጠፊያው ተወርውሮ ይወጣል። ወንድሜ ስሙን "ያዡ" ብሎታል። ያዡ ግን በዝግታ ሲታጠፉም መያዙን አይተውም። ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ፣ ሸራዎቹ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ከኋላ ግርር ይልና ጓ ይላል። እናታችን ወገቧን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ጓ ባለ ቁጥር የበሩን እጀታ ትጨብጥና ቀስ ብላ "ደረስን?" ትላለች።

ዘይቱ ውስጥ የሚጨመረው ማለስለሻ ለዚህ ነው። በልኩ ሲሆን ጓ ማለቱን ያበርዳል፤ ሲበዛ ሸራዎቹ ይሟልጫሉ፣ ያዡ አይዝም።

ወንድሜ በሥራው የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ነጂ ነው። የዚያ እሁድ ውድድር ላይ አንድ ቡድን ለመጪው ዓመት የሚነዳለት ሰው ይመርጣል ተብሏል። ቡድኑ ከሠላሳ ዓመት በላይ አይቀበልም፤ ወንድሜ ደግሞ ሠላሳ ሊደፍን ትንሽ ነው የቀረው።

"ይቺን ካጣሁ ዳቦ እንዳደልኩ ማርጀቴ ነው" አለኝ፣ ከመኪናው ስር ስወጣ እጄን ይዞ እያነሳኝ። "ደግሞ ትኩሱን እንኳ አያበሉኝም።"

እሁድ ከአባታችን ጋር ከሽቦው አጥር ኋላ ቆምን። አባታችን ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ድምፅ ያለው መኪና ሁሉ ለእሱ በሽተኛ ነው። ወንድሜ የራስ ቁሩን አጥልቆ፣ ቀበቶውን ታስሮ መነሻው ላይ ሰልፍ ይዟል።

"ስንመጣ ሰማሽው?" አለኝ አባዬ።

"ምኑን?"

"አየሽ፣ አልሰማሽም።" ደስ ብሎታል። "ትናንት እናትሽን ከሐኪም ቤት ሳመጣት ጓ አለ። ከንፈሯን ነክሳ ዝም። እኔስ ሰው አይደለሁ? ቤት ስንገባ ከስሩ ገባሁና ከዘይቱ ቀነስ አድርጌ ማለስለሻውን ጨመርኩበት።"

"ምን ያህል?"

"የቀረውን ነዋ። ምን ይሠራል ብዬ ላስቀምጠው? ይኸው ዝም ጭጭ አለልሽ።"

ወደ መነሻው በኩል በአጥሩ ጥግ ሮጥኩ። ሞተሮቹ ሁሉ ተነስተው ስለነበር የራሴ ጩኸት ለራሴም አልተሰማኝም። ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ አወዛወዝኩ። ወንድሜ አየኝ። አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ባንዲራው ወረደ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ሰፊ ስለሆነ በደህና አለፈው። ቀጥሎ እኛ ፊት ለፊት ያለው ጠባቡ መታጠፊያ መጣ። ገባ፣ መሪውን መለስ አደረገ፣ ነዳጅ ረገጠ። ውስጠኛው የኋላ ጎማ ብቻውን ጮኸ፤ ነጭ ጭስ ወጣው። ሞተሩ እሪ ይላል፣ መኪናው ግን ከቦታው የተተከለ ይመስላል። ወንድሜ ሲጨንቀው የበለጠ እንደሚረግጥ አውቃለሁ፤ የበለጠ በረገጠ ቁጥር ደግሞ የበለጠ እንደሚሽከረከር። ረገጠ። ሁለት መኪኖች በውጪ በኩል አለፉት።

አባዬ ወደ ቆምኩበት መጣ። "ምነው ጎማው ይጨሳል?"

በእጄ ወደ መኪናው አመለከትኩት። ወንድሜ ዞሮ እንደገና እስኪመጣ አባዬ ጠበቀና ዓይኑን አጥብቦ አየ። ለነገሩ እሱም ነጂ ነው።

"አንድ እግሩ ብቻ ነው የሚሠራው" አለ ዝግ ብሎ። ወደ እኔ ዞረና፣ "እኔ ነኝ አይደል?"

"አባዬ..."

"ያስቁሙትና ዘይቱን ቀይሪለት።"

"ሸራዎቹ ጠጥተውታል። ፈትቶ ማጠብ ይፈልጋል።"

"ባንዲራ የያዘውን ሰውዬ ብንለምነውስ?"

"ለአደጋ ካልሆነ አያስቆሙም።"

ጎን ለጎን ቆመን ሽቦውን ይዘን የቀሩትን ዙሮች አየን። ወንድሜ ቶሎ ገባው። ነዳጁን ቀስ እያደረገ መስጠት ጀመረ፤ ጭሱም ቆመ። ያን ያህል ለስላሳ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ግን ከየመታጠፊያው ሲወጣ ሌሎቹ ተወርውረው ይሄዳሉ፣ እሱ እየለመነ ይወጣል። አባዬ በቀኝ እግሩ መሬቱን ይጫናል፣ ይለቃል።

ሲያበቃ የቡድኑን ኃላፊ ሄጄ አነጋገርኩት። ደግ ሰው ነው፣ ቆሞ ሰማኝ።

"እጁ ጥሩ ነው" አለኝ። "ግን እኔ ያየሁት ከኋላ የቀረ መኪና ነው። ለአለቆቼ ሌላ ምን እላቸዋለሁ?"

"ዲፈረንሻሉ ተበላሽቶበት ነው። ሌላ ቀን ብትሞክሩት..."

"ሌላ ቀን የለንም እኮ፣ እህቴ።" ትከሻዬን ነካ አድርጎ አንደኛ ወደ ወጣው ልጅ ሄደ።

ወንድሜ የራስ ቁሩን ብብቱ ስር አድርጎ መጣ። ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተጣብቋል።

"ያዡ ለቀቀ። ምን አደረግሽው?"

"እሷ አይደለችም" አለ አባዬ። "እኔ ነኝ። ማለስለሻውን ጨመርኩበት። ለእናትህ ብዬ።"

ወንድሜ የሚቆጣበትን ቃል የማቀብለው ይመስል ወደ እኔ ዞረ። አባዬ እንደ ተማሪ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

"ለመሆኑ ዝም አለልህ?" አለ ወንድሜ በመጨረሻ።

"ዝም አለ።"

"እሺ።" እዚያው የወለቀ ጎማ ላይ ቁጭ አለና ጓንቱን ጣት በጣት ያወልቅ ጀመር።

ማታ ራት ላይ፣ ፈትቼ ሸራዎቹን አጥቤ በአዲስ ዘይት ልገጥመው እችላለሁ አልኩት።

"ለየትኛው ውድድር? ተይው" አለኝ። "እማዬ ይመቻት።"

ሰኞ ጠዋት ወደ ዳቦው ሄደ። አባዬ መሪ ያዘ፣ እናታችን ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ። ሐኪም ቤቱ ግቢ ስንደርስ አባዬ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። ምንም ድምፅ የለም። እናታችን እጇን ወደ እጀታው ልካ ነበር፣ መለሰችው።

"ምን አደረጋችሁት? ጥጥ ሆነ እኮ። ቸኩሌ ነው ያሠራልኝ?"

"አዎ" አለ አባዬ። "እሱ ነው።"

"የኔ ጌታ። ታዲያ ዛሬ ምነው ሳይቀልድብኝ ወጣ?"

አባዬ በመስታወቱ አየኝ። "ደክሞት ነው" አልኳት።

ደግፏት ገቡ። የበሩ ጥበቃ መኪናውን ዞር ብሎ አየና የወንድሜ የውድድር ቁጥር የተለጠፈበት በር ላይ ቆመ።

"ተወዳዳሪዎች! ስንተኛ ወጣችሁ ታዲያ?"

ሳቅኩለት። ሲሄድ ግን ከመኪናው ጨርቅ፣ ውሃና ለዕቃ ማጽጃ የምይዘውን ቤንዚን አወጣሁ። የተለጠፈውን ቁጥር አርጥቤ፣ ጥጉን በጥፍሬ አንስቼ፣ እንዳይቀደድ ቀስ እያልኩ ላጥኩት። ቀለሙ ላይ የቀረውን ሙጫ ጨርቁን በቤንዚኑ ነክሬ ፈተግኩት፤ እጄን ሳሳልፍበት የሚይዝ ነገር እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ ቁጥሩን ሙጫው ወደ ውስጥ እንዲሆን አጠፍኩና ከጨርቁ ጋር የመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አስቀምጬ ዘጋሁት።