ትልቁ ይመለሳል

"ቀስ! ውሃው እየፈሰሰ ነው!" አለች ረይሀና፣ በሩን በክርኗ ደግፋ።

ባሏ የሲን ባልዲውን አቅፎ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ባለው ቤታቸው ጠባብ በር ገባ። ባልዲው ውስጥ አንድ ቆሮሶ ዓሣ በሕይወቱ ተጣጥፎ ይተነፍሳል። የሲን ቆቃ ሐይቅ ዳር መንጠቆ መጣል ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የዚህን ግማሽ የሚያህል እንኳን ይዞ አያውቅም። ወላሂ አያውቅም!

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን ከቆቃ እስከ ፒያሳ መኪናውን የነዳው፣ እንዳለ የሚባለው ጓደኛው፣ እንኳን ደስ አለህ አላለውም። ሕግ አላቸዋ! መለስተኛው ወደ መጥበሻ፣ ትልቁ ወደ ሐይቁ፤ ዘር የሚተካው ትልቁ ነውና። ይህን ሕግ ለጓደኞቹ ያስተማረው ደግሞ ሌላ ሰው መሰላችሁ? ራሱ የሲን ነው። ጉድ እኮ ነው።

"አባትህ ዛሬም እህል አልቀመሱም" አለች ረይሀና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሦስተኛ ቀናቸው። ቆሮሶ ካልሆነ አልበላም ይላሉ።"

"ለዚህ አይደል ያመጣሁት? ዘይቱን ጣጂ።"

ሐጂ አብዱልሙሀይሚን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ካላወቁት ሰባት ወር አልፏል፤ አንድ ቀን ሹፌር ይሉታል፣ አንድ ቀን የቤት አከራይ። የሲን ባልዲውን እግራቸው ሥር አኖረው።

"ይኸው ቆሮሶ፣ አባባ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። ዓሣው በጅራቱ ሲመታው ውሃው ፊታቸው ላይ ተረጨና ሳቁ። ወዲያው ተቆጡ።

"የሲን!"

የሲን ክው አለ።

"አ... አቤት፣ አባባ?"

"ስንቴ ልንገርህ? ትልቁ ይመለሳል አላልኩህም? ይሄን በልተህ ለከርሞ ምን ልታጠምድ ነው?"

"እርስዎ ይብሉት ብዬ እኮ ነው..."

"እኔ የምበላው መዳፍ የሚያህለውን ነው። እናትህ ሳታይህ ሂድ መልሰው!"

እናቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሲን ግራ ገባው። የተቆጡት እሱን ነው ወይስ የዛሬ ሠላሳ ዓመቱን ልጅ? ይሳቅ? ያልቅስ?

"ሐኪሙ ይብሉ ነው ያለው" አለች ረይሀና ከምድጃው አጠገብ። "ዘይቱ ግሏል። ነገ እኮ ዓሣውንም ስምህንም ይረሱታል።"

እሷም ልክ ናት፤ እሳቸውም ልክ ናቸው። ታዲያ ምን ይሻላል? ስልኩን አወጣ።

"እንዳለ፣ የት ደረስክ?"

"አራት ኪሎ። ምነው፣ ዘይት አነሳችሁ?"

"ተመለስ። ቆቃ እንሄዳለን።"

በስልኩ ውስጥ የእንዳለ መኪና ጡሩምባ ተሰማ። "መጣሁ" አለ።

የሲን ባልዲው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። የአባቱ እጅ ግን ጠርዙን እንደያዘ ነው።

"ቶሎ ና፣ እሺ? ሳልበላ እጠብቅሃለሁ።"

አንጀቱን በሉት። ሲመለስ ማን ብለው ይሆን የሚጠብቁት?

ባልዲውን መልሶ አስቀመጠው። ተንበርክኮ ከአልጋው ሥር የአባቱን ጫማ ፈልጎ አወጣ።

"ረይሀና፣ ዘይቱን አውርጂው። መጥበሻውንና ጋቢያቸውን ስጪኝ። መዳፍ የሚያህለውን እዚያው ሐይቁ ዳር እጠብስላቸዋለሁ።"

ሐጂ ሳይጠየቁ እግራቸውን ዘረጉለት።