ደረታቸው ላይ ጆሮ ያላቸው ዘበኞች

ማክሰኞ ጠዋት የእህቴን የማንጠግቦሽን ሰውነት ከበሽታ የሚጠብቁት ዘበኞች በጎኗ ወጥተው ሳሎን ተቀመጡ። ዕጢውም አብሯቸው ወጣ። የጥቅል ጎመን የሚያክል ጭንቅላት አለው። ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ ተንሰራፋ። ሳንባዋን እየበላ የከረመው እሱ ነው፤ የቀረውን ከበላ እህቴ የለችም።

ዘበኞቹን ደህና አድርጌ አየኋቸው። ሁሉም ደረታቸው ላይ አንድ ትንሽ ጆሮ አላቸው። ጆሮው ውጭ ነው፤ ግንዱ ቆዳቸውን በስቶ ይገባል፤ ጅራቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ጆሮው ይሰማል፣ ጅራቱ ይሳባል፣ የዘበኛው ጉልበት ይታጠፋል። ደግ ነገር ነው። ጉበቷም ቆዳዋም እንዲህ እያሉ ነው ከዱላ የሚተርፉት።

ዕጢው ይህችን ለምዷታል። ዘበኛ ዱላ ባነሳ ቁጥር ደረቱ ላይ ጠጋ ይልና «በሕግ አምላክ» ይላል። ዘበኛው ቁጭ።

«አንተ ሌባ! አንተ ደግሞ ሕግ ትጠራለህ?» አልኩት።

«ዝም በይ ትርንጎ፤ ቀጥሎ አንቺ ዘንድ ነኝ።»

«ና! ድድህን ይዘህ ትመለሳለህ!» ሳቄ መጣ፤ ደሜ ፈልቷል እኮ።

ዶክተር ሐመልማል ጠርሙስ ይዛ መጣች። ስትከፍተው የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ባላዎች በረው ወጡና እያንዳንዱ ጆሮ ላይ ተሰኩ።

«ዘበኞቹን ልታስቆጪያቸው ነው?» አልኳት።

«አይ እትዬ፣ እንዳይሰሙ ብቻ ነው።»

«ዕጢውን?»

«ማንንም።»

ዕጢው «በሕግ አምላክ» አለ። ዘበኞቹ ተነሱ። ጮኸ። ከሶፋው ሳያወርዱ ቀጠቀጡት። እኔ እልል አልኩ፤ «በለው! ጭንቅላቱን!» አልኩ። ሲያልቅ ማንጠግቦሽ እስከ ሆዷ ድረስ ተነፈሰች።

ዘበኞቹ ግን ዱላቸውን አላስቀመጡም። ወደ እሷ ዞሩ።

«በሕግ አምላክ» አለች እህቴ፣ ረጋ ብላ።

አንዱ እጇን ይዞ ቆዳዋን ይፍቅ ጀመር። የተፋቀው ቦታ ወተት መሰለ።

«ምኔን ነው የሚወስዱት?» አለች።

«መልክሽን» አለች ዶክተሯ።

«ይውሰዱት። ትንፋሼን አይንኩ እንጂ።»

ፍቀው ሲጨርሱ ተራ በተራ በጎኗ ገቡ። የመጨረሻው የጎኗ ደፍ ላይ ቆመ፤ ዞር ብሎ አየኝና መዳፉ ላይ የቀረውን የእህቴን ጠይምነት ቀስ ብሎ ላሰው።