ሁለት ሜትር ከሩብ

አዲሷ ምራት አማቷ መጋረጃ ከሚሰፉበት ቤት ሥራ ከጀመረች ወዲህ ከካውያ በቀር የጨበጠችው ነገር አልነበረም። መቀሱ የአማቷ ነው፤ ሌላ ሰው ሲነካባቸው አይወዱም። የእርሷ ዓይን ግን ከመቀሱ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት አማቷ ትከሻቸውን ቢያማቸው፣ ሳይወዱ በግድ፣ «እስቲ ቁረጪ፤ ካበላሸሽ ግን ወደ ካውያሽ ነሽ» አሏት። ቀልድ ቢመስልም ቀልድ እንዳልሆነ ገብቷታል።

ጨርቁ ዐሥራ አንድ ሜትር ከሩብ ነው፤ መስኮቶቹ አምስት፣ ሁሉም እኩል። የዚህ ዓይነት ጣቃ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። አማቷ፣ ልጃቸው ተማሪ ሳለ ገዝተውለት ኋላ ራሳቸው የወረሱትን ሳይንሳዊ ካልኩሌተር አወጡ። የክፍልፋዩን ቁልፍ እንደ ስፌት መኪናቸው ያውቁታል። ዐሥራ አንድ ከሩብን ለአምስት አካፈሉና መልሱን እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ትተውት፣ በር ላይ የቆመ ደንበኛ ሊያነጋግሩ ወጡ።

ምራቲቱ ጎንበስ ብላ አየች፦ ሁለት፣ አንድ፣ አራት። በቁጥሮቹ መካከል ማዕዘን መሳይ ትንንሽ ምልክቶች ነበሩ፤ መስተዋቱ የተጫረ መሰላት። ሜትሯ በሳንቲሜትር የተከፈለ ነውና ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ላይ በጠመኔ አሰመረች። አምስቱንም በተከታታይ ቆረጠች። በመጨረሻ ከግማሽ ሜትር በላይ ሲተርፍላትማ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

«ተረፈልን እኮ፣ እማማ» አለች አማቷ ሲመለሱ።

አማቷ ትራፊውን አዩት። ለአምስት እኩል የተካፈለ ጨርቅ ምኑ ይተርፋል? አንዱን መጋረጃ ለኩ፤ ካልኩሌተሩን አነሡ፤ ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠላቸው። ማዕዘኖቹ ሙሉውን ቁጥር ከክፍልፋዩ፣ ላዩንም ከታቹ የሚለዩ እንደሆኑ አስረዷት፤ ሁለት ከአንድ አራተኛ፣ ሁለት ሜትር ከሩብ ማለቱ ነው። ያንኑ ቁልፍ ደግመው ሲጫኑት 2.25 አለ። እያንዳንዱ መጋረጃ ዐሥራ አንድ ሳንቲሜትር አጥሯል።

ምራቲቱ ክው አለች። መቀሱን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ ጥጉ መራመድ ጀመረች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ካውያዬ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚባለው። አንቺ አፍሰሽ ሳትለቅሚ የት ትሄጃለሽ?»

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቁጥሩን ሳያነቡላት ጥለዋት መውጣታቸው የእርሳቸው ስንፍና እንደሆነ ነገሯት። ትራፊው ሲለካ ሃምሳ አምስት ሳንቲሜትር ሆነ። ለአምስት ልታካፍለው እጇን ወደ ካልኩሌተሩ ስትሰድ፣ ለዚህ ለዚህማ ጣትሽም ይበቃል ብለው ሳቁባት። ከየመጋረጃው ራስጌ፣ ሽብሽቡ በሚሸፍነው በኩል፣ አንድ አንድ ቁራጭ ይቀጠላል፤ ስፌቱ የሚበላውን ደግሞ ከግርጌው እጥፋት ይቀንሱለታል።

አማቷ ትከሻቸውን እያሹ መቀሱን አንሥተው እጀታውን ወደ እርሷ አዞሩት። ተቀበለች፤ ለካች፤ አሰመረች፤ ግን አልቆረጠችም።

«ዐሥራ አንድ ሳንቲሜትር» አለች ጮክ ብላ።

«ዐሥራ አንድ ሳንቲሜትር» አሉ አማቷ።

መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ገባ።