የቀዝቃዛው ውሃ ተራ

«አርባ ሁለት ነው እኮ የምልዎት፣ እትዬ እናኑ።»

«አርባም ይሁን መቶ፣ እኔ ሙቀት ፈልጌ ነው ሦስት ሰዓት ሙሉ በበቅሎ የወረድኩት። ለብርድማ መካነ ሰላም ምን አነሰኝ?»

ገንዳው ዳር ተቀምጠው ፀጉራቸውን የሚፈቱ ሦስት ሴቶች ሳቁ። ሱሀይላ አልሳቀችም። ከውሃው ያወጣችውን የመስታወት ቴርሞሜትር በቀሚሷ ጠረገችና ቀዩን መስመር በአውራ ጣቷ ጥፍር አሳየቻቸው። እትዬ እናኑ ግን ዓይናቸውን ወደዚያ አላዞሩም። የእህል ነጋዴ ሚስት ናቸው፤ በመካነ ሰላም ገበያ ሰው ሲነግሩት የሚሰማቸው እንጂ የሚያሳያቸው አልለመዱም። ከኋላቸው ምራታቸው ብርሀንነሽ ነጠላዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ሰብስባ ቆማለች። አምስተኛ ወሯን ይዛለች።

«ሁለት ጊዜ ወርዶባታል፤» አሉ እትዬ እናኑ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለቱም በብርድ ነው። ቤቴ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የዚች ልጅ እግር በረዶ ሆኖ ነው የሚያድረው። ማህፀኗ ካልሞቀ ይሄም አይቆይላትም። አንቺ ደግሞ ውሃው ይብረድላት ትይኛለሽ።»

«ይብረድ አላልኩም። ሠላሳ ሰባት ይሁን ነው ያልኩት። ለነፍሰ ጡር ከዚያ ካለፈ ለጽንሱ አይሆንም።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሐኪም።»

«የት ያለ ሐኪም?»

«የጅዳ።»

«የጅዳ ሐኪም የኛን ብርድ በየት ያውቀዋል?»

ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። ዕለቱ የሴቶች ቀን ስለሆነ ወንድ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የፍል ውሃው ማኅበር ሊቀመንበር የቢሻው ድምፅ ግን ከቆርቆሮው አጥር ማዶ መጣ። «ሱሀይላ፣ ከእንግዳ ጋር አይከራከሩም። አስገቢያቸው።»

«ቀዝቃዛው ውሃ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። እስከዚያ ይጠብቁ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ከጠበቅን ዳገቱ ላይ ይመሽብናል፤» አሉ እትዬ እናኑ፤ ነገሩ ያለቀ ያህል የምራታቸውን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ያነሱላት ጀመር።

የጨፌ ፍል ውሃ ከዓለቱ ሥር ሲወጣ እጅ አያስቆይም። ማኅበሩ ገንዳውን የሠራው ከሚሊኒየሙ በዓል ማግስት ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው፣ ድንጋዩን በጀርባቸው ተሸክመው። ሁለት ቦይ ይገባበታል። አንዱ ፍሉን ያመጣል፣ ሌላው ከላይኛው ምንጭ ቀዝቃዛውን። ሱሀይላ ከአራት ወር በፊት እስክትቀጠር ድረስ የሁለቱን ልክ የሚመርጥ ሰው አልነበረም። ሰው የቻለውን ያህል እንደፈላ ይገባበት ነበር፤ ብዙ የቻለ ቶሎ ይድናል ስለሚባል እየተፎካከሩ ራሳቸውን ስተው የተጎተቱም ነበሩ።

ቀዝቃዛው ውሃ ግን የገንዳው ብቻ አልነበረም። ከታች ያሉት የበርበሬና የሽንኩርት መደቦችም በየዐሥራ ሁለት ቀኑ በተራ ይጠጡታል፤ ተራውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት የሚባሉት ጋሽ መሐሙድ ናቸው። ዛሬ ተራው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማሳ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ሱሀይላ ሕፃንና ነፍሰ ጡር አታስገባም። ፍሉን ወደ ውጭ ብታዞረውም ገንዳው እስኪበርድ ይመሻል፤ በጀሪካን ብታመላልስ ግማሽ ዲግሪ አይቀንስም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሱኝ፤» አለቻቸው። «መጣሁ።»

ወደ ማሳው በሚወስደው ቁልቁለት ስትሮጥ የጅዳው ቤት በሐሳቧ መጣባት። ስድስት ዓመት የሠራችበት ቤት ነው። በግቢው ሁለት ገንዳ ነበር። ትልቁ ጎረምሶቹ የሚዋኙበት ሃያ ሰባት፤ ከዚያ ከሞቀ ዋናተኛ ቶሎ ይዝላል። ትንሹ ሕፃኗ ዋና የምትማርበት ሠላሳ ሁለት፤ ከዚያ ከወረደ የልጅቷ ከንፈር ይጠቁራል። በየማለዳው ለክታ በወረቀት ታሰፍር ነበር። እመቤቲቱ ያረገዘች ጊዜ ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ፣ የምትዘፈዘፍበት ሙቅ ውሃ ከሠላሳ ሰባት እንዳያልፍ አዘዘ። ለምን እንደሆነ ለሱሀይላ የነገራት የለም። ለገረድ የሚነገረው ቁጥሩ ነው። አሁንም «ለምን?» ብለው ቢጠይቋት የምትመልሰው አልነበራትም፤ እትዬ እናኑ ደግሞ ምክንያታቸውን ከነታሪኩ ይዘው ነው የመጡት።

ጋሽ መሐሙድ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ውሃውን በዶማ ከመደብ ወደ መደብ እየመለሱ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ መሐሙድ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ውሃ ልትለምኚኝ ከሆነ እንዳትጀምሪው።»

«ለግማሽ ሰዓት ነው።»

«ባለፈው የሰጠሁሽ ከራሴ ተራ ነበር። ይሄ የአልታዬ ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ አደራ ብላኝ ነው የማጠጣላት። የራሴን እሰጥሻለሁ። የሷን በምን አንደበት?»

«ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። በዚህ ሙቀት ከገባች ይሄኛውም ይሄዳል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ያለውን ላብ በክንዳቸው ጠረጉ።

«ታውቂያለሽ ወይስ ትፈሪያለሽ?»

ሱሀይላ መዋሸት ትችል ነበር። «እፈራለሁ፤» አለች።

«እኔ ደግሞ ይሄንን አውቃለሁ።» በዶማቸው ጫፍ አንገቱን የደፋውን የበርበሬ ችግኝ አመለከቱ። «ዛሬ ካልጠጣ ዐሥራ ሁለት ቀን አይቆይም። ልጅቷን ከልክያት። የገንዳው ጠባቂ አንቺ አይደለሽ?»

መልሰው አጎነበሱ። ውሃው በእግራቸው መካከል አልፎ ወደሚቀጥለው መደብ ገባ።

ስትመለስ ቢሻው ለገንዳው በር ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ግቡ ብያቸዋለሁ፤» አለ ሳያያት። «ባላቸው ከወረዳው ሰዎች ጋር ነው ምሳ የሚበሉት። ነገ በክፉ ቢያነሱን ማን ይደርስልናል? አብሽሪ፣ በአንድ ቀን ምንም አትሆንም።»

«ከሆነችስ?»

«በብርድ ነበር ይባላል እንጂ በኛ አይባልም።»

ሱሀይላ አልፋው ገባች። እንፋሎቱ ቆርቆሮው ላይ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። እትዬ እናኑ እስከ ደረታቸው ገብተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። ብርሀንነሽ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነክራለች። ሱሀይላ አጠገቧ በጉልበቷ ተንበረከከች።

«እህል ቀምሰሻል?»

«ረቡዕ አይደል?» አለች ልጅቷ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጾመኛ ናት ማለት ነው። ከዚያ እግሯን እያየች፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ፣ «ባለፈውም እዚሁ ነው ያመጡኝ፤» አለች። «አንቺ ሳትመጪ። ሦስት ቀን ነከሩኝ። በአራተኛው ወረደ።»

«ለርሳቸው ነግረሻቸዋል?»

«ምን ብዬ? በነጠላቸው ጠቅልለው የቀበሩት እኮ እሳቸው ናቸው። እንደሳቸው ያለቀሰ የለም።» ወደ በሩ አየች። «ቢፈቅዱልኝ እናቴ ዘንድ መቆየት ነበር የፈለግኩት። አገሯ ከላላ ነው፤ ከዚህ በእግርም ይደረሳል።»

«ነይ እንጂ የኔ ልጅ፤» አሉ እትዬ እናኑ፣ ዓይናቸውን ገልጠው። እጃቸውን ዘረጉላት። የዘረጉት እጅ ተቆጪ አልነበረም፤ ሕፃን ልጅ ከደረጃ የሚያወርዱ ይመስሉ ነበር። «መጀመሪያ ላይ ነው የሚያቃጥለው። ከዚያ ይለመዳል።»

ብርሀንነሽ እጃቸውን ያዘች። ለአማት እምቢ የሚባልበት ቃል ከቤቷ ይዛ አልመጣችም። ውሃው ጉልበቷን አለፈ፣ ጭኗን አለፈ፣ የሆዷን ግርጌ ነካ። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላብ ችፍ አለ። በሌላው እጇ የገንዳውን ጠርዝ ጨበጠች።

ሱሀይላ ተነሥታ ወጣች። ቢሻው የጠራት መሰላት፤ አልዞረችም። ከገንዳው ግድግዳ ግርጌ፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ማፍሰሻውን የደፈነው በጆንያ የተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ አለ። ፍሉ የሚለቀቀው ማታ ብቻ ነው፤ ማፍሰሻው ታች ከማሳው ቦይ ጋር ስለሚገናኝ፣ ሳይበርድ ከወረደ የሚደርሰው ችግኝ ሥር ነው። ይህን ደንብ በመጀመሪያ ቀኗ ያስማሏት ጋሽ መሐሙድ ናቸው። ድንጋይ አነሣች። የአልታዬን ፊት አስታወሰች፤ ባለፈው ዓርብ ወገቧን ልትታጠብ መጥታ መርቃት ነበር የሄደችው። ድንጋዩ እጇ ላይ ከበዳት። ቀና ብላ ከቆርቆሮው ወዲያ ጆሮዋን ጣለች። ከውስጥ የእትዬ እናኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል፦ «ትንሽ ዝቅ በይ፤ ወገብሽ ይንካው።»

ውታፉን ከጎን መታችው። አልነቃነቅ አለ። ሁለተኛ መታችው፣ ሦስተኛ። በአራተኛው ተፈናጥሮ ወጣ፤ ፍሉ እግሯ ላይ ተደፋ፤ ወደ ኋላ ዘላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ውሃው እየጨሰ ቁልቁል ሄደ።

የገንዳው ውሃ ቀስ እያለ ጎደለ። ከዚያ ከሴቶቹ አንዷ፣ «ውሃው እየሸሸ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» አለች፤ ሌላዋ ሳቀችባት። ቀጥሎ የሳቀ አልነበረም። ሱሀይላ በበሩ ስንጥቅ አየች። በብርሀንነሽ ገላ ላይ ውሃው የነካው ልክ ቀይ መስመር ሠርቷል፤ ውሃው ራሱ ግን ከመስመሩ በታች፣ ከጭኗም በታች ነበር። ልጅቷ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ውሃው ሲወርድ ትመለከታለች።

እትዬ እናኑ ነጠላቸውን በእርጥብ ገላቸው ላይ ጥለው ወደ በሩ ወጡ።

«ከሞቀ ውሃ አውጥተሽ ለነፋስ ሰጠሻት። ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም አላደረጉኝም።»

«ቁልፉን አምጪ፤» አለ ቢሻው። ጆሮው ቀልቷል። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሥራ የለሽም። እትዬ እናኑ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ እኔ በማኅበሩ ስም—»

ጋሽ መሐሙድ ዶማቸውን እንደያዙ ከቁልቁለቱ ብቅ አሉ። ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ነበር የወጡት። «እየጨሰ ነው የመጣብኝ፤» አሉ። «ሁለት መደብ ሳልደርስለት ሄደ። ለአልታዬ ምን ልበላት? አደራ እኮ ነው፤ አንቺ ልጅ።»

«ከኔ ይካሱ። ጉልበቴም አለ፤ መልሼ እተክልላታለሁ።»

«እንዴት እንደተደፈርኩ ነው የገረመኝ፤» አሉ እትዬ እናኑ። «የልጄን ልጅ ላድን መጥቼ።»

ሴቶቹ ከውስጥ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ጠብ ውስጥ ላለመግባት ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ በአጥሩ ሥር ተሹለክልከው ነበር የሚያልፉት። አንዷ ወጣች፤ ሁለተኛዋ ወጣች፤ ሦስተኛዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለች። ሦስቱም በቅሎዎቹ ወደታሰሩበት፣ ወደ መካነ ሰላም ዳገት ታጠፉ። ከዚያ አራተኛ ነጠላ ወጣ። የቀሚሱ ጫፍ እርጥብ ነበር። መንገዱ ከሚገነጠልበት ሲደርስ ቆም አለና የከላላውን መንገድ ያዘ።

ሱሀይላ አየች። የእትዬ እናኑ ጀርባ ወደዚያ ነው። ቢሻው ቁልፉን እየጠበቀ እጇን ያያል፤ ጋሽ መሐሙድ መሬቱን።

«ብርሀንነሽ ልብሷን እስክትለብስ ነው እንጂ አሁኑኑ ነበር—» አሉ እትዬ እናኑ፣ አንገታቸውን ወደ ገንዳው በር ሊያዞሩ እየጀመሩ።

«ይተዉአት፣ ቀስ ብላ ትልበስ፤» አለች ሱሀይላ ፈጠን ብላ። አንድ እርምጃ ቀርባ ፊታቸው ላይ ቆመች። «እኔን ይስሙኝ። የጅዳ ሐኪም ብርዳችንን በየት ያውቀዋል ብለውኝ አልመለስኩልዎትም። አሁን ልመልስልዎት።»

«ደግሞ ልትመልሺልኝ?»

«አዎ። ሲጀመር በዚያ ቤት ሁለት ገንዳ ነበር።»

እዚህ ቦታ ከመጣች ጀምሮ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ስለ ሃያ ሰባቱ ተናገረች፣ ስለ ሠላሳ ሁለቱ ተናገረች፤ እትዬ እናኑ ለእያንዳንዱ መልስ ነበራቸው፤ መልሱን ደግሞ ከልባቸው፣ ወገባቸውን ይዘው ነበር የሚሰጡት። ቢሻው ሊያቋርጣት ሞከረ፣ ጋሽ መሐሙድ ሴት ስትናገር ዝም በል ብለው ተቆጡት፤ በዚያም ሁለቱ ለብቻቸው ተያያዙ። ሱሀይላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ከትከሻቸው ባሻገር ነጠላው ቀስ እያለ፣ አንዴም ሳይቆም፣ ከወይራዎቹ ሥር አለፈ። መንገዱ ሲታጠፍ ለአንድ አፍታ ታየ፤ ከዚያ መንገዱ ብቻ ቀረ።

«ሠላሳ ሰባት፤» እያለች ነበር ሱሀይላ፤ «ከሠላሳ ሰባት አንድ እንኳ እንዳያልፍ።»