ከአልሳስ ጠርሙስ የወጣው ሽታ

ጎረቤቴ ፅናት በአንድ ሆቴል ውስጥ የወይን አስተናጋጅ ነበረች። በኮሮና ሆቴሉ ሲዘጋ የፈረንሳዩን የአልሳስ ወይን ለሙያ ፈተና ታጠና ጀመር። በዚያው መሃል በሽታው ባሏን በርናባስን ወሰደው፤ እሷንም ማሽተት ነሳት። የማያሸት ሰው ደግሞ ያንን ፈተና አያልፍም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ።

"ጋሼ፣ እስቲ ይህን አሽትልኝ።"

"የጴንጤ አፍንጫ ልትበደሪ? ፓስተሩ ቢሰሙስ!"

"ማሽተት አያሰክርም፤ ይልቅ ንገረኝ።"

ማስኬን ዝቅ አድርጌ አሸተትኩ። "ሎሚ ሎሚ ይላል። ከሎሚው ኋላ ፓራፊን፣ የምድጃው ላምባ አለ።"

ፊቷ በራ። "ሪዝሊንግ የሚባለው ወይን ነው! ሲያረጅ እንደዚያ ይሸታል።" ጠርሙሱን አንስታ ዓመቱን አየችና መልሳ አስቀመጠችው።

"ምነው?"

"ይሄ እኮ የአምናው ነው። ገና ፓራፊን አይሸትም።"

በርናባስ ቴምቢሳ ሰፈር ባለው ሱቁ ፓራፊን ሲቀዳ ውሎ፣ ማታ ያንኑ እየሸተተ ነበር የሚገባው። ሁለታችንም ይህንኑ አሰብን።

"የእኔም አፍንጫ አፍንጫ ሆኖ!" ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ።

ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ፣ በርናባስ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ፊት አኖረችው።

"አሁንም ይሸታል ጋሼ?"

"ይሸታል።"

"እንግዲያው በሩን ዝጋልኝ" አለች፤ "እንዳይወጣ።"