የፎቶ ቤቱ ሱሪ

ገነቴ ፎቶ አንሺውን ጋሽ ወንዳፈረውን ይቅር ብላው አታውቅም። እሁድ እሁድ ስለ ይቅርታ ይሰበካል፣ እሷም ከሰው ጋር አሜን ትላለች፤ አሜን የምትለው ግን እሱን አውጥታ ነው። መንገድ ላይ ከሩቅ ካየችው ጃንጥላዋን ዘርግታ ፊቷን ትጋርዳለች። ዝናብ ባይኖርም፣ ፀሐይ ባይኖርም። ሆሳዕና ላይ ሰው ይህን ያህል ዘመን ተኳርፎ አይቆይም፤ ወይ ለቅሶ ያስታርቀዋል ወይ ሰርግ። እሷን አላስታረቃትም።

ነገሩ የተጀመረው ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ መመዝገቢያ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የሄደች ቀን ነው። ትምህርት የገባችው ዘግይታ ስለነበር ዐሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ጋሽ ወንዳፈረው ጉርዱን አነሳትና «ፊልሙ ላይ አንድ ተርፎኛል፣ በነጻ ላንሳሽ» አላት። ግድግዳው ላይ የፎቶ ቤቱ ልብስ ተሰቅሏል፤ ኮት፣ ክራባት፣ ባርኔጣ፣ እግሩ ሰፊ የሆነ ቤልቦተም ሱሪ። ደህና ልብስ የሌለው ሁሉ እዚያ ገብቶ ከተሰቀለው ለብሶ ይነሳል። ያ ኮት ስንቱን ድሯል፣ ስንቱን አስመርቋል። ሱሪው ግን ያን ጊዜም ፋሽኑ ያለፈበት ነበር፤ ጉልበቱ ነጥቶ፣ መንገድ ላይ የሚለብሰው ሰው ጠፍቶ ለፎቶ ብቻ የቀረ።

ለእሷ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ጋሽ ወንዳፈረው ከኋላ ሰብስቦ በመርፌ ቁልፍ ያዘላት። «ካሜራ ጀርባ አያይም» አላት። ባርኔጣውን ዘንበል አድርጎ ደፋላት፣ እጇን ወገቧ ላይ አስቀመጠላት። መርፌው መሐል ወገቧን ይነካታል። እንዳይወጋት ትንፋሿን ያዘች፣ ቀጥ አለች፣ አገጯ ወደ ላይ ሄደ። ብልጭ አለ፤ አለቀ።

በሳምንቱ ያ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ታጥቦ፣ ከንፈሯ ቀለም ተቀብቶ፣ የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ወጣ። የገበያ ቀን ነበር። ከሌሞ የመጣ፣ ከሾኔ የመጣ፣ ሁሉም ቆሞ አያት። የምትዘምርበት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ኃላፊዎች ጠሯት፤ ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ የሚለው ቦታ ተገልጦ ተነበበላትና የመዘምራን ልብሷን እንድትመልስ ተነገራት። «አንገቷን አያችሁ» አሉ፣ «ትዕቢቷን አያችሁ።» መርፌውን ማንም አላየም። ባፈና የሚባል የሾኔ አስተማሪ ሽማግሌ ልኮ አባቷ እሺ ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። «ልጃችን በመስኮት የምትታይ ሴት አልፈልግም ብሏል» አሉ፣ የቀረበላቸውንም ሳይቀምሱ ሄዱ።

ገነቴ ፎቶ ቤቱ ሄደች። «ጋሼ፣ ያውርዱልኝ።»

«ነገ አወርደዋለሁ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ሄደች። ነገ አላት። አባቷ ሄዱ። ነገ አላቸው። ፎቶው ደንበኛ ይጠራለታል፤ ልጃገረዶቹ እየገቡ «እንደዚያችኛዋ አንሳን» ይሉታል። መቼ ወረደ ከተባለ፣ ፀሐይ ፊቷን በልታ ስትጨርስ ነው የወረደው። እሷም ያን ጊዜ ትምህርቱን ትታ፣ የሰው ዓይን ሽሽት ከቤት አልወጣም ብላ ከርማለች። ባል ሳይመጣ ቀረ። ቆሞ ቀር የሚለውን ስም ከነጎረቤቷ ለመደችው።

አሁን ገበያው ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች። ቦንዳ ስትፈታ ሱሪ ፈልገው ቀድመው የሚደርሱት የመዘምራኑ ልጆች ናቸው። «ይሄ ቂጤን አያጠበውም?» ይሏታል። «ዙሪ እስቲ» ትላለች፣ አይታ ትሸጥላቸዋለች። ምን ታድርግ።

ሐዳሳ የወንድሟ ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ገነቴ ቤት ነው ያደገችው። አዲስ አበባ ሄዳ ፎቶግራፍ ተማረች፤ ለመመረቂያዋ የሆሳዕናን አለባበስ ታሪክ ከድሮ ፎቶ ቤቶች አውጥቼ እዚሁ አዳራሽ ኤግዚቢሽን አቀርባለሁ ብላ ተመልሳ መጣች። የጋሽ ወንዳፈረው ፊልሞች በካርቶን ተጭነው ቤት ሲገቡ ገነቴ፣ የእኔ ስንት ሺህ ሰው መሐል ነው፣ ብላ ተጽናናች።

አንድ ከሰዓት ሐዳሳ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «አክስቴ፣ ነይ እስቲ የኔን ጀግና እያት።»

ገነቴ አየቻት። ባርኔጣው፣ ሱሪው፣ ቀና ያለው አገጭ።

«ማናት?» አለች።

«ማንም አያውቃትም። ጋሽ ወንዳፈረው ራሳቸው ረስተዋታል። በስድሳዎቹ ነው የተነሳችው፤ ሱሪውን ተመልከቺ፣ ቤልቦተም ነው። በዚያ ዘመን ሆሳዕና ላይ ይሄን ለብሳ ስትሄድ አስቢው። አሁን ብትኖር ሰባ ይሞላታል።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽባት?»

ሐዳሳ አነበበች። «ያልታወቀች ዘመናዊት። በራስ መተማመኗ ከአቋቋሟ ይነበባል።»

ገነቴ ሳቀች። ሐዳሳ አክስቷ እንዲህ ስትስቅ ሰምታ አታውቅም።

«መርፌ ነው» አለች ገነቴ። «ከኋላ መርፌ ቁልፍ አለ። ሱሪውም የእሷ አይደለም፣ የፎቶ ቤቱ ነው፤ ለብሳው በር አልወጣችም። ሰባ ሊሞላኝ ደግሞ ገና ብዙ ይቀረኛል።»

ሐዳሳ ስክሪኑን አየች፣ አክስቷን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች። ገነቴም ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ መዘምራኑን፣ ባፈናን፣ ነገ ነገ የተባለውን። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። ሐዳሳ አለቀሰች። ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ስልኳን አወጣችና «ከመጀመሪያው ድገሚልኝ፣ አክስቴ፣ ልቅረጽሽ» አለች።

«አውርጂው» አለች ገነቴ።

«ምኑን?»

«ፎቶውን። አዳራሽ አይሰቀልም።»

«አክስቴ፣ ታትሟል እኮ። ዋናው ሥራዬ እሱ ነው፤ መምህሬ የመረጠው እሱን ነው። ያለ እሱ ምን አለኝ?»

«ሌላ ስቀይ። ሺህ ሰው አለልሽ።»

«እንዳንቺ ያለ የለም። ደግሞ እያከበርኩሽ ነው እኮ።»

«ማን አክብሪኝ አለሽ?»

«ያኔ የሰደቡሽ ሰዎች መጥተው ያጨበጭቡልሻል። ደስ አይልሽም?»

«ሲሰድቡኝም አላስፈቀዱኝ፣ ሲያጨበጭቡም አያስፈቅዱኝ። የት አለ ልዩነቱ?»

«እሺ፣ ስምሽን አልጽፍም።»

«ፊቴስ?»

«ፊትሽንማ አሁን ማን ይለየዋል» አለች ሐዳሳ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች።

ገነቴ በሀዲይሳ ተናገረቻት። ሲመርራት አማርኛው ይጠብባታል። ሐዳሳ በአማርኛ መለሰችላት። «እሺ በቃ፣ አትቆጪ። ነገ መምህሬን አናግረዋለሁ። ነገ ይወርዳል።»

ገነቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ያን ቃል ታውቀዋለች፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስም ታውቃለች።

በበነጋው ጃንጥላዋን ሳትይዝ ጋሽ ወንዳፈረው በር ላይ ሄዳ ቆመች። ፎቶ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ሰውዬው ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። እግሮቹ አብጠዋል። መጣላቷ ከዚህ ሰው ጋር ነበር እንዴ፣ አለች በልቧ።

«አወቁኝ?»

ዓይኑን አጥብቦ አያት። «ልብስ ሻጯ አይደለሽም? እዚያ ገበያው ውስጥ።»

«መስኮት ላይ የሰቀሏት ልጅ ነኝ። በሱሪ። ባርኔጣ ያደረገችው።»

«ልጄ፣ ያላነሳሁት ሰው አለ? የቱን አስታውሼ እችላለሁ።» ትንሽ አሰበና ፊቱ ፈካ አለ። «ሱሪውንማ አስታውሰዋለሁ። ቡና ዓይነት ነበር፤ ከመርካቶ ነው ያመጣሁት። ጥሩ ጨርቅ ነበር እሱ፣ እንደሱ ዓይነት አሁን የት ይገኛል። አይጥ በላብኝ።»

ገነቴ ልትናገረው ያዘጋጀችው ብዙ ነበር። ስንት ዓመት ሌሊቱን ሁሉ ሲዘጋጅ የኖረ ነገር። አንዱንም አልተናገረችውም። ሱሪውን የሚያስታውስ ሰው ምን ይባላል። «ደህና ይዋሉ» ብላ ሄደች።

ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው ቅዳሜ ነበር። ሐዳሳ እስከዚያ ስለ ፎቶው አላነሳችም፣ ገነቴም አልጠየቀቻትም። አንድ ቤት ውስጥ እየበሉ፣ ስለ ጎመንና ስለ መብራት መጥፋት ብቻ ተነጋገሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ገነቴ ቦንዳዋን ሳትፈታ ባጃጅ ይዛ አዳራሹ ሄደች። እንግዶች አልደረሱም። ልጆች ወንበር ይደረድራሉ፤ የሐዳሳ አክስት መሆኗን ስለሚያውቁ «ግቢ፣ ግቢ» አሏት። በሩ ላይ ሪባን ተወጥሯል። አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ሳህን፣ ሪባን የሚቆረጥበት መቀስ ተቀምጧል።

ፎቶው ከፊት ለፊት ግድግዳው መሐል ላይ ነበር። ባነር ላይ ታትሞ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተቀይሯል። ገነቴ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበችው። «የፎቶ ቤት ሱሪ የለበሰች ወጣት፣ ሰማንያዎቹ። ከወገቧ ኋላ ያለውን መርፌ ማንም አላየም።»

ሁለተኛ አነበበችው። ማንም ያላየውን፣ ለዚያች ልጅ ብቻ የነገረቻትን፣ ግድግዳ ላይ አገኘችው። አውርጂ ብላ ነበር፤ ልጅቱ ጨመረችበት።

ተመልሳ መቀሱን አነሳች። ወንበር ሳበች፣ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። አልተቻኮለችም። ከባርኔጣው ጠርዝ ጀመረች፣ በጆሮዋ አልፋ፣ በአገጩ ሥር ዞራ፣ ወደ ተነሳችበት ተመለሰች። ወንበር የሚደረድሩት ልጆች የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ቆመው አዩ። ፊቷ በእጇ ላይ ወደቀ። ባርኔጣው ቀረ፣ ሱሪው ቀረ፣ ወገብ ላይ ያለው እጅ ቀረ፤ መሐሉ ላይ የግድግዳው ሲሚንቶ ይታያል።

ሐዳሳ የታሸገ ውሃ ታቅፋ ገባች። ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አክስቴ፣ ምን አደረግሽ?»

«የልብስ ታሪክ ነው ያልሽኝ። ልብሱን አልነካሁትም።»

«ዛሬ እኮ ነው ውጤት የሚሰጠኝ። መምህሬ በር ላይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

ሐዳሳ ቀዳዳውን እያየች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ገነቴ ወርዳ ጫማዋን አደረገች። ልጅቱን ከትምህርት ቤት ስትመጣ የምታበላት፣ ሲያማት በጀርባዋ አዝላት ሐኪም ቤት የሮጠች እሷ ናት፤ አሁን ግን ትከሻዋን ልትነካት እጇ አልሄደላትም። ይቅርታም አላለቻትም። መቀሱን ሳህኑ ላይ መለሰች፣ ፊቷን ጠቅልላ በብብቷ ያዘች፣ በሪባኑ ሥር ጎንበስ ብላ ወጣች።