የደረቀው ወንዝ መንገድ

የመሬት ቀያሿ ወደ ተዘጋው የማዕድን ግቢ የሄደችው አባቷን ይዛ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት እዚያ ድንጋይ ሲሰረስሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የትኛው ጉድጓድ የት እንደተደፈነ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ግቢው እንደገና ሊከፈት ስለሆነ፣ አፈሩ ከተፈጥሮው የሚያወጣው ጨረር የት የት እንደሚበረታ ካርታ እንድታወጣ ታዝዛለች።

ይዛው ከመጣችው ሰው አልባ በራሪ፣ ከድሮኑ ሆድ ሥር የጨረር መለኪያውን ስታስር አባቷ ዳር ቆመው አዩዋት። እሳቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን መሬት ይቺ ዝንብ በግማሽ ቀን ልታውቀው ነው ወይ ብለው ቀለዱባት።

ድሮኑ ተነሳ። ከመሬት ብዙም ሳይርቅ፣ ከዳር ዳር እየተመላለሰ ግቢውን በትልም በትልም ያዳርሰው ጀመር። እሷ የዛገ ብረት በሚሸተው አሮጌ የሚዛን ክፍል ውስጥ ላፕቶፗን ከፈተች፤ አባቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ አረፍ አሉ።

ላፕቶፑ ላይ መጀመሪያ የታየው ሰማያዊ ብቻ ነበር፤ ጨረሩ አነስተኛ ነው ማለት ነው። በአምስተኛው ምልልስ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቅ አለች። ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ነጥቦቹ ተያይዘው ተጠማዘዙ፣ ሰፉ፣ ለሁለት ተከፈሉ፣ ተመልሰው ተገናኙ። ቀያሿ ስንትና ስንት ካርታ ሠርታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አይታ አታውቅም። አባቷን ጠራች።

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። 

«ይሄ ወንዝ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከዚያ አጫወቷት። ድሮ የሠራተኞቹን ማረፊያ ዳስ ምሰሶ ሲተክሉ፣ ገና ትንሽ እንደቆፈሩ፣ ውሃ ያለሰለሳቸው ድቡልቡል ጠጠሮችና ጥቁር አሸዋ አግኝተው ነበር። እዚህ ወንዝ ነበር ቢሉ አለቃቸው ፀሐይ መታህ እንዴ ብሎ ሳቀባቸው። ጓደኞቻቸውም ለወራት «ዋናተኛው» እያሉ ቀለዱባቸው፤ እሳቸውም ነገሩን ዳግም አላነሱትም።

ጥቁሩ አሸዋ ቶሪየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር እንዳዘለ፣ ከባድ ስለሆነ ወንዙ ጉልበቱ ሲደክም እዚያው አራግፎት እንደሄደ ነገረቻቸው። ወንዙ የደረቀው ሰው የሚባል ፍጡር ገና ሳይኖር ነው። አሸዋው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ጨረሩን አላቋረጠም።

«እኛ እኮ ምሳችንን የምንበላው እዚያ ላይ ነበር» አሉ አባቷ። «ጎድቶን ይሆን?»

«ቀይ የሆነው ከሌላው ስለሚበልጥ ነው እንጂ ልኩ ዝቅተኛ ነው፣ አባባ። ግን በእጅ መለኪያ ሳላረጋግጥ አልምልልዎትም።»

ዳሱ ድረስ አብረው ሄዱና ለካች። ለምሳ ሰዓት ያህል ለተቀመጠበት የሚያሰጋ አልነበረም፤ እሷ ግን አዲሱ የሠራተኞች ማረፊያ በሰማያዊው በኩል ይሠራ ብላ ሪፖርቷ ላይ ጻፈች።

ከዚያ ቀዩን መስመር በእግራቸው ተከተሉት። መሬቱ ደረቅ፣ ከሌላው በምንም የማይለይ ነው። አባቷ ከዳር እስከ ዳር ተሻገሩት፤ ስልሳ እርምጃ ፈጀባቸው። እዚያ ማዶ ቆመው፣ ያ ሁሉ ውሃ ከፊታቸው የሚያልፍ ይመስል፣ እስከ አጥሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። 

«ከአጥሩ ወዲያስ?» አሉ። «ወዴት ይሄዳል?»

የታዘዘችው እስከ አጥሩ ድረስ ነበር። ቢሆንም አንድ የሞላ ባትሪ ቀርቷት ስለነበር ድሮኑ ላይ ገጠመችው።